መርዶ ማቆያ

ይህ የምጽፈው አንድም ሳይቀር የሆነ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ገብታችሁ «ልመንህ እውነት ይናገራል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ይስቁባችኋል። ይሳቁ። ቦርከና ውስጥ አዞ ታየ ብዬ ግማሹን ከተማ ድልድይ ላይ ያሰለፍኩት እኔ ነኝ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ድምፅ አስመስዬ፣ ነገ ሰው ሁሉ የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ ያድርግ የሚል ትእዛዝ ያስተላለፍኩትም እኔ ነኝ፤ አድርገው የወጡ ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ውሸት ናቸው። ይሄኛው ግን እውነት ነው። ብዋሽ ሁለቱም ጆሮዎቼ ይደንቁሩ፤ እኔ ደግሞ በጆሮዬ ነው የምኖረው።

የታች ሰፈር እድር ጡሩንባ ነፊ ነኝ። ጡሩንባ ግን ነፍቼ አላውቅም። ጡሩንባው የተከለከለው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ሌሊት ሠርተው ቀን የሚተኙ ሰዎች በዙና ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል ተባለ። ስሙ ቀረ፣ ሥራው ተለወጠ። አሁን ጡሩንባ ነፊ ማለት የእድሩን የስልክ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰርቨሩ ያለው እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ በትልልቆቹ ድስቶችና በተጠቀለለው ድንኳን መካከል። ድንኳኑ ከተተከለ ስንት ዘመኑ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። አይጥ ወልዳበታለች፣ ልጆቿም ወልደውበታል።

ለዚህ ሥራ ብዙ መማር አያስፈልግም። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ገብቼ አንድም ጊዜ አልወጣሁም። ፖርት ማለት በር ነው። ሰርቨሩ እልፍ በር አለው፤ የትኛው እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደሚዘጋ ትነግረዋለህ። ሄደር ደግሞ በጥሪው ግንባር ላይ የሚጻፈው ነው፤ ከማን፣ ለማን፣ በየት በኩል። ጥሪው የነካው ጣቢያ ሁሉ የራሱን መስመር ይጨምርበታል። ስለዚህ ማንበብ ለሚችል ሰው ጥሪ አይዋሽም። አፉ ይዋሽ ይሆናል፤ ግንባሩ ግን የት ውሎ የት እንዳደረ ይናገራል።

ከተማው ውስጥ ጉልበት ያለው ሰው አልቀረም። ሁሉም ወይ አፋር በረሃ የፀሐይ ማሳ ላይ መስታወት ይወለውላል፣ ወይ ወደብ ላይ ነው፣ ወይ ከባሕር ማዶ። እዚህ ያለነው ሽማግሌዎች፣ ሕሙማንና እንደ እኔ ያለ ሌላ ቦታ የማይፈለግ ሰው ነን። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስልክ አያነሳም፤ ወኪሉ ያነሳለታል። ወኪል ድምፅህን፣ አነጋገርህን፣ ሳልህን ሳይቀር አጥንቶ በአንተ ፋንታ «አቤት» የሚል ነገር ነው። ሰዉ ለምዶታል። «አንተው ነህ ወይስ ወኪልህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ «እናትህ በደንብ አሳድጋሃለች?» ብሎ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

ሰው ሲሞትስ? መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን ማንም አልሻረውም። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ቤት ድረስ ተኪዶ፣ ዘመድ አጠገብ ተቀምጦ ነው፤ የተረዳው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። ዘመድ ግን በረሃ ነው። ስለዚህ ዘመድ ፈቃድ አግኝቶ እስኪመጣ ድረስ የሟቹ ወኪል ስልኩን እያነሳ ይቆያል። ለዚህ የተለየ በር አለ። ተራው ጥሪ በአምስት ሺህ ስልሳ ይገባል፤ የሟች ጥሪ ወደ አምስት ሺህ ሰባ ይዞራል። እኛ ማቆያ እንለዋለን። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽብሩ በዕቃ ቤቱ በር ብቅ ብለው «ልመንህ፣ እገሌን አቆየው» ካሉኝ፣ ሄደሩ ላይ አንዲት መስመር እጨምራለሁ። አለቀ። ያ ሰው ሞቶም አልሞተም።

መጀመሪያ ለጥቂት ቀን ነበር አሉ። ከዚያ እስከ በዓል ሆነ። ከዚያ እስከሚቀጥለው በዓል። እኔ ሥራውን ስረከብ ማቆያው ከሰፈሩ ይልቅ ብዙ ነዋሪ ነበረው። አንዱ እዚያው ሆኖ የእድሩ ጸሐፊ ተብሎ ተመርጧል፤ የተቃወመ የለም፣ እንዲያውም ከቀድሞው ይሻላል ተባለ። ሌላው የእህቱን ልጅ በስልክ መርቆ ድሯል። አንድ ነገር ብቻ አይችሉም፤ ቁርጥ ያለ ቃል አይወጣቸውም። ሙት እሺ እንዳይል፣ እምቢም እንዳይል ተብሎ እንዲህ ተሠርተዋል። የሚፈርሙት፣ የሚወስኑት፣ የሚምሉት ነገር ሲመጣ «ልምጣና እንነጋገራለን» ይላሉ። ታች ሰፈር ቀኑን ሙሉ ልምጣና ሲባል ይውላል።

እንግዲህ አንድ ረፋድ ላይ እማማ የሻረግ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ግራ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ስኳር ነው። ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ገባ። ከኋላቸው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሃያት ነበረች፤ የመድኃኒት ቦርሳዋን አንግታ፣ ፊቷን አኮሳትራ።

«ጡሩንባ፣» አሉኝ እማማ፣ «መስመሬን እይልኝ።»

«ምን ሆነ? አይሰማም?»

«ጥርት ብሎ ይሰማል። የጠላሁትም እሱን ነው።» ድስት ላይ ተቀመጡ፤ የእድሩ ድስት ሲገለበጥ ደህና ዱካ ይሆናል። «እግሬ ይቆረጥ ይላሉ። ለቢያድግልኝ ስነግረው ልምጣና እንነጋገራለን ይለኛል። ትናንትም ልምጣና፣ ከትናንት ወዲያም ልምጣና። ልጄ ሳያውቅ አካሌን አልሰጥም። እሺ ይበለኝ፣ ወይ እምቢ ይበለኝ። አንድ ቃል ነው የምፈልገው።»

«ወላሂ ጊዜ የለም፣ ልመንህ» አለች ሃያት። «ዛሬ ከቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ከቆየ ጉልበት ይሆናል። ከዚያም ከቆየ እኔን አትጥሩኝ፤ የሚጠሩት አንተን ነው።»

«ይሄን ልጅ አታስደንግጪው» አሉ እማማ የሻረግ።

ቢያድግልኝ አንድ ልጃቸው ነው። ነበር። አምና በረሃ ላይ መስታወት ሊወለውል ወጥቶ ሙቀት ጣለው፤ እዚያው ቀበሩት። ወደ ማቆያ ያዞርኩት በዚህ እጄ ነው። ሃያት ታውቃለች፣ ጋሽ ሽብሩ ያውቃሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሁሉም አውቆ ከአንድ ሰው ይደብቃል። ደንቡ እንዲህ ነው።

«አየዋለሁ እማማ» አልኳቸው። ምን ልበል?

ከሰዓት ጋሽ ሽብሩ ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከእማማ የሻረግ ቤት ፊት ለፊት ነው፣ መንገዱ ማዶ። ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ናቸው፤ ስልካቸው ጭናቸው ላይ።

«ጋሼ፣ የእማማ የሻረግ መርዶ ይነገር።»

«ምን? ታማለች እኮ!»

«ስለታመሙ ነው።»

«አንተ ልጅ ጤና የለህም። ለታመመ ሰው መርዶ ሲነገር የት አገር አይተሃል? ልትገድላት ነው? ትዳን፤ ስትድን ይነገራታል።»

«ካልተነገራቸው እግራቸውን አያስቆርጡም። ካልተቆረጠ አይድኑም።»

«ስለዚህ መጀመሪያ ትዳን።»

ይቺን ንግግር በየአቅጣጫው ገለበጥኳት። መግቢያ የላትም። ሰርቨር ቢሆን አጥፍቼ አነሳው ነበር፤ ጋሽ ሽብሩ ግን መጥፊያ የላቸውም።

«ደግሞስ ስትወድቅ ማን ይይዛታል?» አሉ ለስለስ ብለው። ክፉ ሰው አይደሉም። «ዘመድ የሌለበት መርዶ ዱላ ነው። ወንድሟ ደምሴ ጅቡቲ አለ አይደል? እሱ ይምጣ። ያኔ እኔ ራሴ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከፊት እሄዳለሁ።»

ወደ ዕቃ ቤት ተመልሼ ጅቡቲ ደወልኩ። ወዲያው ተነሳ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ልመንህ ነኝ፤ ከኮምቦልቻ፣ ከእድሩ።»

«ልመንህ! እንዴት ነህ ወንድሜ? አገር ሰላም ነው? ዝናቡ ጣለ?»

«ጥሏል፣ እግዜር ይመስገን። እህትዎ በጠና ታመዋል። መምጣት አለብዎት፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ።»

«ውይ የሻረግ! እግዜር ይማራት። አይዟችሁ። ልምጣና እንነጋገራለን።»

ዓይኔ ብቻውን ወደ ስክሪኑ ሄደ። ጥሪው ከእኛ ወጥቷል፣ ድሬዳዋን ነክቷል፣ ጅቡቲ ያሉ ያገራችን ሰዎች እድር ሰርቨር ጋ ደርሷል። እዚያ አንድ መስመር ተጨምሮበታል። በር አምስት ሺህ ሰባ። ያንን ልማድ ከእኛ ነው የወሰዱት፤ ቁጥሩን እንኳ አልቀየሩትም።

«ልመንህ? ጠፋህ እንዴ?» አለኝ ደምሴ። «ዝናቡስ ጣለ?»

ዘጋሁት።

ጋሽ ሽብሩ ወሬውን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ደምሴም? ምስኪን። ምን የመሰለ ሰው።» ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «ይኸው፣ አሁን ሁለት መርዶ ሆነ። ለታመመች ሴት ሁለት መርዶ በአንድ ጊዜ! ጭራሽ የማይሆን ነው። ይቆይ።»

ያኔ የማውቀውን ሥራ ልሥራ አልኩ። እኔና ቢያድግልኝ አንድ ክፍል ነበርን። ሲቀር ስሙ ሲጠራ «አቤት» የምለው እኔ ነበርኩ፤ ከአፍንጫው የሚወጣ፣ ቀዝቀዝ ያለ ድምፅ ነበረው፣ ገና አሁን የነቃ ይመስል። አስተማሪው አንድም ቀን አላወቀም። ሐሳቤ ይሄ ነው፤ ከእማማ የሻረግ የሚመጣውን ጥሪ ማቆያው ሳይደርስ ወደ እኔ ማዳመጫ አዞረዋለሁ፣ በእሱ ድምፅ «ይቆረጥ» እላለሁ፣ መንገዱን ወደነበረበት እመልሳለሁ። አንድ ቃል። ከአዞው ይቀላል።

እማማ የሚደውሉት ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። በማግስቱ ሄደሩን ቀይሬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጠበቅሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥሪው የሚገባበት በር ሌላ ነው፣ ድምፁ የሚመላለስበት በር ሌላ። ድምፁም ለመምጫ አንድ፣ ለመሄጃ አንድ ይፈልጋል። እኔ መምጫውን ከፍቼ መሄጃውን ረሳሁት። በዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ስህተት የለም፤ ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፣ አንዱ ሌላውን ይሰማል፣ ሌላው ባዶ ነው የሚሰማው።

ተደወለ።

«ቢያድግልኝ?»

«አቤት» አልኩ በአፍንጫዬ።

«ቢያድግልኝ?»

«አቤት! እሰማሻለሁ።»

እኔ ስህተቴ ገብቶኝ በሩን ፍለጋ ቁልፎቹን መነካካት ጀመርኩ።

«ዛሬስ ዝም አልክ» አሉ። «እሰይ። ዝም ስትል ነው አንተን የምትመስለው።»

እጄ ቆመ።

«ሌላ ጊዜ አፌን ሳልከፍት ታቋርጠኛለህ። አይዞሽ፣ በርቺ፣ ልምጣና። ዛሬ ላውራህ። እግሬ ይሸታል። ጎረቤት አይነግረኝም እንጂ፣ ሲገቡ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲያደርጉ አያለሁ። እኔ መጋዙን አልፈራሁም። ስነቃ አጠገቤ ማን እንደሚኖር ነው የፈራሁት። አባትህ የሞተ ጊዜ ወገቤን የያዝከኝ አንተ ነህ። ገና ቁመትህ እዚህ ጋ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቆመው፣ የያዝከኝ አንተ።»

የመሄጃውን በር አገኘሁት። ያኔ ጥሪውን መዝጋት ነበረብኝ። ከፈትኩትና፣ «ይቆረጥ» አልኩ። «አይዞሽ። ይቆረጥ።»

ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ልመንህ» አሉ።

እጄን ከቁልፎቹ አነሳሁ።

«አሳምረህ አመጣኸው። አንተ ሌባ! አስተማሪያችሁንም እንዲህ ነበር የምታሞኘው?»

«እማማ፣ እኔ...»

«ቢያድግልኝ በዕድሜው ልምጣ ብሎኝ አያውቅም። አልመጣም፣ ሥራ አለብኝ፣ አትጨቅጭቂኝ፤ እንዲህ የሚል ልጅ ነው የወለድኩት። ልምጣና ያለኝ ዕለት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ነገረኝና ነው የምጮኸው? መርዶ ያልተነገራት ሴት ብታለቅስ አበደች ነው የሚሏት። በየማለዳው ተነስቼ ልብሴን ለብሼ በሩን ገርበብ አደርጋለሁ። ዛሬ ይመጣሉ እላለሁ። ማንም አይመጣም። ከምሳ በኋላ ያንን ዕቃ አነጋግራለሁ፤ ምናልባት እሱ አምልጦት ይነግረኛል ብዬ።»

«እግርዎስ?»

«እግሬ ምን ቸኮለ? መጀመሪያ ልጄን ልቅበር። ሳላለቅስለት በላዩ ሌላ ነገር አልቆርጥም።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ልንገር...»

«በስልክ? አንተ ባለጌ! ጠዋት ና። ሰው ይዘህ ና።»

ሰው ፍለጋ ሰፈሩን ዞርኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጠኝ፤ «ጋሽ ሽብሩ ያውቃሉ?» በማለዳ ከእኔ ጋር የሄደችው ሃያት ብቻ ነበረች፣ ጥቁር ሻሽ አስራ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ የሻረግ ለብሰው፣ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ደህና አደራችሁ? ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን። ሃያት ከጎናቸው ሆና እጇን በወገባቸው ዙሪያ አደረገች።

አፍ አለው ይሉኛል። የሊቀመንበር ድምፅ፣ የአስተማሪ ድምፅ፣ የአህያ ድምፅ አመጣለሁ። የዚያን ዕለት በራሴ ድምፅ መናገር ነበረብኝና የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

«ቢያድግልኝ አርፏል፣ እማማ» አልኩ በመጨረሻ። «አምና ነው። በረሃ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ያውቁታል፤ እስኪነገራቸው ነው የጠበቁት።

«ጋሽ ደምሴም» አልኩ።

ይህን አያውቁም ነበር። አዩኝ። ከዚያ ጮኹ። እንዲህ ያለ ድምፅ ታች ሰፈር ከሰማ ቆይቷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ መስኮቶች ተከፈቱ። ተራ በተራ መልሰው ተዘጉ። ሃያት ይዛቸው አብራ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የሻረግ የእሷ እናት ይመስሉ ነበር።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ገቡ። የተቆረጠው ከቁርጭምጭሚት አልነበረም። ከጉልበት በላይ ነበር። «ቁርጭምጭሚት ነበር እኮ» አለችኝ ሃያት ኮሪደሩ ላይ።

ከሆስፒታል ሲወጡ እማማ የጠየቁት የለቅሶ ድንኳን ነው። ጋሽ ሽብሩ አልፈቀዱም። «መርዶው በሥርዓት አልተነገረም» አሉ። «ዳኛ አልነበረም፣ ዘመድ አልነበረም። ስለዚህ እድሩ አያውቀውም። እድሩ ካላወቀው ልጁ አልሞተም። ላልሞተ ሰው ድንኳን አንተክልም። አንተም ከዛሬ ጀምሮ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ታስረክባለህ።»

ቁልፉን ለማስረከብ ስመለስ ድንኳኑን ተሸክሜ ወጣሁ። እኔና ሃያት ተከልነው። አይጥ በበላው በኩል ፀሐይ እየገባች መሬቱን ነጠብጣብ አደረገችው። አግዳሚዎቹን ደረደርኩ። በትልቁ ድስት ንፍሮ ቀቀልኩ፤ ያ ድስት ትንሽ መቀቀል አይችልም፣ ለሰፈር ነው የተሠራው። ማንም ሳይመጣ በአግዳሚዎቹ ላይ ፀሐይ ተቀመጠች።

ከዚያ የእማማ የሻረግ ስልክ ጮኸ።

እማማ የሻረግ አጠገብ ድምፅ ማጉያ አድርጌላቸው ነበር፤ ሄደሮቹን እኔ በእጄ ስልክ አያለሁ፤ ቁልፉን እንጂ የሰርቨሩን መግቢያ አልጠየቁኝም። «የሻረግ፣ እግዜር ያጥናሽ» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። «አይዞሽ። ልምጣና እንነጋገራለን።»

«ይሄ ማነው?» አሉኝ።

«አቶ በዛብህ፣ ወፍጮ ቤቱ።»

«እግዜር ይስጠው።» ወደ ስልኬ አዩ። «ምን ይላል ግንባሩ?»

አምስት ሺህ ሰባ ይላል። ዝም አልኩ። ለካ ዝም ማለቴን ያነባሉ።

«በዛብህም?» አሉ። «ለእሱ አልቅሰንለታል?»

«አላለቀስንም።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ለበዛብህ አለቀሱ፤ በስሙ እየጠሩ፣ የወፍጮውን ዱቄት፣ ሳቁን፣ ሚዛን ላይ ጣቱን ሳያደርግ መመዘኑን እያነሱ። ሲጨርሱ ስልኩ በድጋሚ ጮኸ። ሌላ ሰው። ሌላ «እግዜር ያጥናሽ»። ወሬው በሰፈሩ ስልኮች ሁሉ ገብቶ ወኪሎቹ ደርሷቸዋል፤ ለቅሶ ሲሰሙ መድረስ እንዳለባቸው ተምረዋል። በመጡ ቁጥር እማማ «ግንባሩ?» ይሉኛል፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ እሳቸው ያለቅሱለታል። ሙታን እያጽናኗቸው ሙታንን ቀበሩ። ድምፃቸው ሲሰለል ሃያት ውኃ ታቀብላቸዋለች፤ ይጠጡና ይቀጥላሉ።

በአምስት ሺህ ስልሳ የገባ አንድ ጥሪ ብቻ ነበር። የጋሽ ሽብሩ። «የሻረግ፣ እግዜር ያጥናሽ» አለ ድምፁ። ደስ ብሎኝ ቀና አልኩ። ጋሽ ሽብሩ መንገዱ ማዶ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ድንኳኑን ያያሉ፤ አፋቸው ተዘግቷል። የሚናገረው ወኪላቸው ነው።

ከእሳቸው ጥሪ በኋላ የሴት ድምፅ መጣ። «የሻረግ እናቴ፣ እኔ ነኝ፣ ዘነበች።» ዘነበች የጋሽ ሽብሩ ሚስት ናቸው። ወገባቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ ሄደዋል ይባላል። እማማ የሻረግ አዩኝ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ያኔ ከሁሉም ጮክ ብለው «ዘነብዬ!» አሉ፤ «ዘነብዬ፣ የኔ ሳቂታ፣ ማን ሳያለቅስልሽ!» ድምፁ መንገዱን ተሻገረ። ጋሽ ሽብሩ ተነሱ። ወደ እኛ የሚመጡ መስሎኝ አግዳሚ ጠረግሁ። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩ ከመዘጋቱ በፊት «ዘነቡ፣ እንዴት ዋልሽ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ፀሐይ ዘንበል ስትል አንድ ሽማግሌ በድንኳኑ መግቢያ ጎንበስ ብለው ገቡ። የማናውቃቸው ሰው ናቸው። ከሐርቡ በኩል በእግራቸው የመጡ ይመስላሉ፤ ቁምጣቸው ድረስ አቧራ ነው። ለቅሶ ሰምቼ ነው አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እማማ የሻረግ ፊት ቆመው፣ በገዛ አፋቸው «እግዜር ያጥናሽ» አሉ። ግንባራቸውን አየሁት፤ ላብ ብቻ ነው ያለበት። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ንፍሮ በእፍኛቸው ሰጠኋቸው፣ ዝም ብለው በሉ። እማማ የሻረግ እጃቸውን ዘርግተው የሽማግሌውን እጅ ያዙ፣ በሁለት እጃቸው፤ እስኪመሽ አለቀቋቸውም።

መጀመሪያ ላይ ምያለሁ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ፤ ሽማግሌውን። ሽማግሌ አልመጣም። ማንም አልመጣም። ድንኳኑን እስክንነቅል ድረስ እማማ የሻረግ ፊታቸውን ወደ መግቢያው አድርገው ተቀምጠው ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ሰው ከዚያ መግቢያ ላስገባላቸው የምችለው እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አስገባሁላቸው።